በብዙነሽ ደጅ የቆመው ድንኳን

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ሲሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደ ሞተ የሚጠየቀው ኋላ ነው። ይህን ስል ሰፈሬን ማማቴ አይደለም። በደብረ ታቦር እንደ እኛ ሰፈር ለቅሶ የሚደርስ የለም፤ የሚጠሉንም ይህን አይክዱንም። ጎረቤት ሲጮኽ በሩን ገርበብ አድርጎ «ምን ሆናችሁ?» የሚል ሰው ከእኛ መካከል አይገኝም። እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ጥለቱን ወደ አንገታችን አምጥተን፣ እየጮኽን እንገባለን። ገብተን ከተቀመጥን፣ እንባችንም ጋብ ካለ በኋላ፣ አጠገባችን ያለችውን ጎሸም አድርገን «ለመሆኑ ማን ነው?» እንላለን። እኔ ራሴ ለማላውቀው ሰው አልቅሼ አውቃለሁ። እንባው አልከሰረም፤ የራሴም ሙታን አሉኝ።

ያን ቀን ያለቀስሁት ግን እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ጉልበቴን ብርድ ይዞት ወንዛዬ ፍል ውኃ ከርሜ መመለሴ ነበር። ፍል ውኃው ጉልበቴን አሻለው፤ ከሐሙሲት የተሳፈርሁበት ሚኒባስ መልሶ አመመው። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ፣ በብዙነሽ ደጅ ካለው ሜዳ ላይ የእድራችን ድንኳን ቆሞ አየሁ።

የእድራችንን ድንኳን ሸራውን በሩቅ አውቀዋለሁ። አረንጓዴ ነው፤ አይጥ የበላውን ጎኑን እኔው በሲባጎ የጠቀምሁት ነው። ያ ድንኳን ለሠርግ አይወጣም፣ ለስብሰባም አይወጣም። ከዕቃ ቤት ከወጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

ብዙነሽ ደግሞ የአጥር ጎረቤቴ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ወንዱ ልጇ ዘመኑ ባሕር ዳር ነው የሚሠራው፤ ሴቷ ቤዛዊት አረብ አገር ናት። ታዲያ በዚያ ቤት ከብዙነሽ ሌላ ማን ይሞታል? ባጃጁ ሳይቆም ወረድሁ፤ ጉልበቴ የት እንደ ሄደ እንጃ።

«ዋይ! ዋይ! ብዙዬን! ምነው ሳልደርስልሽ!»

ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና እየጮኽሁ ስሮጥ፣ ብዙነሽ አጥሯ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ቆማ! የበሩን ቆርቆሮ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

እሷ ካልሞተች እንግዲህ ልጅቱ ናት። መርዶ መጥቷል። ከአረብ አገር መርዶ ሲመጣ ደግሞ በሰፈራችን የመጀመሪያው አይደለም። ሌላ ነገር በሐሳቤ አልመጣም፤ ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምሁ።

«ቤዛዬን! ቤዛዬን ነው እንዴ! ወይ አንቺ ልጅ! ያንን ቆንጆ አንገትሽን አፈር ይብላው!»

ብዙነሽ አፏን ከፈተች። ዓይኔ አይቷል፣ ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ። የእናት እንባ ካየሁ በኋላ ሌላ ምስክር ለምን እፈልጋለሁ?

እዚህ ላይ ስለ ቤዛዊት አንድ ነገር ልበል። ልጅቱ ገና ሎጋ ሳለች ነው የሄደችው። በላከችው ገንዘብ የእናቷ ሣር ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፣ ዘመኑም ኮሌጅ ጨረሰ። አምና ለመስቀል መጣች ተባለና እንኳን ደህና መጣሽ ልንላት ሄድን። አንዲት ፌስታል አንጠልጥላ ነበር የመጣችው። ማንንም አልሳመችም፤ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። «መንገዱ አድክሟት ነው» አለች ብዙነሽ። በሳምንቱ ብንጠይቅ «ተመልሳ ሄደች፤ አሠሪዎቿ ቶሎ ነይ አሏት» አለችን። እኛም «ምነው ሳትሰናበተን» ብለን አማናት፣ ከዚያ ተውነው። ብዙነሽ ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታ ትውላለች፤ በየሳምንቱ በጄሪካን ጸበል ታመጣለች። «ለወገቤ ነው» ትላለች። እኔም አጥር ለአጥር እየኖርሁ «ይህ ወገብ የስንት ሰው ወገብ ነው?» ብዬ ቀለድሁባት እንጂ አልጠየቅኋት።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። እኔ ስጮኽ ሰፈሩ ሰማ። ሰፈሩ ሲሰማ መንገደኛው ሰማ። ወዲያው ድንኳኑ ሞላ። ማሬ ደረሰች። ማሬ አስለቃሻችን ናት፤ እሷ ያልዋለችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። አለቃ ገብረመድኅንም መቋሚያቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። አለቃ የድጓ መምህር ናቸው፤ ከዚያ በላይ ግን ለዘመኑ ሚስት ሊጠይቁ ጉና ሥር ወዳለ አንድ ደኅና ቤት የተላኩ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። የልጅቱ ወገኖች ደግሞ ሰባት ቤት ቆጥረው ዘር የሚያጣሩ፣ በዘሩ ቡዳ አለ፣ እብድ አለ ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው። ብዙነሽ አለቃን ስታይ ወደ ቤቷ ልትመለስ ዞረች፤ ደግፌ ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጥኋት።

ከድንኳኑ ጥግ ቢጫ ቢጫ ካርቶን ተከምሯል፤ ብስኩት ነው። አልገረመኝም። ለቅሶ ቤት ለስላሳና ብስኩት ይዞ መምጣት ከተጀመረ ቆይቷል፤ አንዱ ሀብታም ዘመድ ልኮት ነው አልሁ።

አንዲት ቢጫ ካናቴራ የለበሰች ልጅ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር መጣች። ሩት እንደምትባል ኋላ ነው የሰማሁት፤ ከአዲስ አበባ ናት። ሞልተን ስታየን ፊቷ በራ።

«ገና ሳንጀምር!» አለች። ከዚያ እኔ አጠገብ በርከክ ብላ እጄን ያዘችኝ። «እናቴ፣ እንኳን መጡ። ስሜትዎን አይያዙት፤ ያውጡት።»

እኔም አወጣሁት። ድንኳኑ እስኪነቃነቅ ጮኽሁላት። ካሜራ የያዘው ሰው ወደ እኔ ዞረ።

ከወዲያ ደግሞ አንድ ትልቅ ሸራ ወጥረው ከበላያችን ሰቀሉ። ራሷን በሁለት እጇ የያዘች የተቀባባች ልጅ ሥዕል አለበት። ጭንቀት ያለባት አትመስልም፤ ጥርሷን ያመማት ነው የምትመስለው። ከሥሯ «አእምሮም ይታመማል፤ አያሳፍርም!» ይላል፤ ከጎኑ የብስኩቱ ፋብሪካ ምልክት አለ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ማንበቡን አነበብሁት። ከለቅሶው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አልገባኝም። እንዲያው የፋብሪካው ሰዎች አስከሬኗን ሊያስመጡልን ይሆናል ብዬ በልቤ መረቅኋቸው።

በዚህ መካከል የእድሩ ዳኛ አባተ እያለከለከ ደረሰ።

«ማን ሞተ? ማን ነው የሞተው?» አለ። «እኔ ጥሩምባ ሳላስነፋ ማን ልቀሱ አላችሁ?»

«ቤዛዊት ናት» አለችው ማሬ።

«ማን ነገረሽ?»

ማሬ ወደ እኔ ጠቆመች።

«አንቺን ማን ነገረሽ ውድነሽ?»

«ድንኳኑ!» አልሁት።

«ድንኳኑማ የእኔ ጉድ ነው!» ብሎ ጭኑን መታ። «ለእነዚህ ለብስኩቶቹ ነው ያዋስሁት! የእነሱ በአየር የሚነፋ ነበር፤ የጉና ነፋስ ጠዋት ጠቅልሎ ገደል ሊከተው ነበር። የእድር ድንኳን ለሌላ አይወጣም ብዬ ነበር፤ ግን ስለ ጤና ነው ሲሉኝ አፈርሁ። ሜዳው ብዙነሽ ደጅ ሆነ እንጂ እሷን ማን አነሣ!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ «አንገትሽን አፈር ይብላው»! አሟርቼ የሰው ልጅ ገደልሁ አልሁ በልቤ። ቀስ ብዬ ወደ ብዙነሽ ዘወር አልሁ።

«ብዙዬ፣ ተናገሪ እንጂ። መርዶ መጥቶልሻል ወይስ አልመጣም?»

በዚያች ሰዓት «አልመጣም» ብትል ኖሮ ሁሉም በሣቅ ባለቀ ነበር። እኔን ዓመት ሲስቁብኝ ይኖሩ ነበር፤ ይሳቁ። ብዙነሽ ግን አለቃን አየች፤ ወዲያው ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ቤቷ ዓይኗን ወረወረች፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየች፦

«በስልክ ነው» አለች። «ከዚያው ከአረብ አገር። ዛሬ ጠዋት።»

አባተ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቅር በይኝ እህቴ። ሐዘንተኛ ላይ ጮኽሁ።» ለጥሩምባ ነፊው በእጁ ምልክት ሰጠ። ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋና «የወይዘሮ ብዙነሽ ልጅ ቤዛዊት አርፋለችና እድርተኛ የሆንህ ሁሉ ድረስ!» ተባለ። ጥሩምባ ከተነፋ እንግዲህ ነገሩ አለቀ። እውነትም ባይሆን እውነት ሆነ።

ሩት አሁን ነገሩ ገባት መሰለኝ፤ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ ሰው ሞቶ ነው እንዴ?» እያለች ካሜራውን ወደኋላ ሳበችው። ካሜራ ያዡ ግን ማሬ ስትነሣ ዓይኑን ከመስታወቱ አላነሣም። ማሬ ከመካከል ቆማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጀመረች፦

«ይጠየቅ ቆርቆሮው፣ ይጠየቅ ጣራው፣
የቤዛዬን ላብ ነው ለብሶ የሚያበራው።»

ሁላችንም ቀና ብለን የብዙነሽን ጣራ አየን። እውነትም ፀሐዩ ላይ ያበራል። ለስንት ጊዜ ስናየው ኖረን፣ ማን እንደ ሠራው ያኔ ገና ያወቅን ይመስል አለቀስን።

«የሰው ቤት ጠርጋ፣ የሰው ልጅ አዝላ፣
ለራሷ ሳትኖር ቀረች ተጥላ።»

ይህኛው ሲባል ብዙነሽ ደረቷን ይዛ ጮኸች። ያ ጩኸት የውሸት አልነበረም። ብዙ ለቅሶ የደረስሁ ሰው ነኝና የእንባን ዓይነት እለያለሁ፤ ልጇን ቀብራ ነው የጮኸችው።

የአጥሩ በር ሲከፈት ተሰማ።

አንዲት ሴት ወጣች። ፀጉሯ ተላጭቷል። የብዙነሽን ሰፊ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ በአንድ እጇ ባልዲ፣ በአንድ እጇ የወለል ጨርቅ ይዛለች። ውኃው ከጨርቁ ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ አላወቅኋትም። አንገቷን ሳይ አወቅኋት።

ባልዲውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች።

«እማዬ» አለች፤ «እኔ ሞትሁ እንዴ?»

አለቃ «በስመ አብ!» ብለው መቋሚያቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። አንዷ ወንበር ይዛ ወደቀች። አባተ ባርኔጣውን ልበስ አውልቅ ሲል ቆየ።

ካሜራው ግን ወደ ልጅቱ እየተጠጋ ነው። እኔ ምን እንዳስነሣኝ እንጃ፤ ተነሣሁና ያንን የተዘቀዘቀ ነጠላዬን ካሜራው ላይ ከነሰውየው ጣልሁበት።

«እናቴ፣ እባክዎ» አለች ሩት። «ይህ እኮ ትልቅ ታሪክ ነው። ሰው ቢያየው ስንቱን ያስተምራል። እሷ ፈቃደኛ ከሆነች መድረክ ላይ...» አልጨረሰችውም። ቤዛዊት የወለል ጨርቋን እየጨመቀች ቆማ አየቻት። ከበላያችን ያለችውን ጥርስ የታመመችውን ልጅም ቀና ብላ አየቻት። የሩት ፊት እንደ ካናቴራዋ ቢጫ ሆነ። «አጥፋው» አለችው ካሜራ ያዡን። «የቀዳኸውንም አጥፋው።»

ብዙነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ከነጠላው ውስጥ ነው የተናገረችው።

«አልሄደችም። ከመጣች ጀምሮ እዚሁ ናት። እኔ ነኝ የደበቅኋት። ወለሉን ስታጥብ ትውላለች፤ ብቻዋን ታወራለች፤ ሌላ ምንም አላደረገች። አብዳለች ከምትባልብኝ ሞታለች ብትባልልኝ ቀለለኝ። ሰማችሁ? ቀለለኝ።»

አንገታችንን ደፍተን የየራሳችንን እግር አየን። እኔ የማየው ጉልበቴን ነበር። ለጉልበቴ ወንዛዬ ድረስ ሄጃለሁ፤ ያመመኝን ለተሳፋሪው ሁሉ ሳወራ ነው የተጓዝሁት። ይህች ልጅ ከአጥሬ ማዶ ወለል ስታጥብ አንድ ቀን «ማን አለ?» አላልሁም። ብዙነሽ ብትነግረኝስ ምን አደርግ ነበር? ራሴን አውቀዋለሁ። ወሬው እኔ ዘንድ አያድርም። ቤዛዊት አበደች ቢባል ኖሮ እዚያ ደጅ ማን ይቆም ነበር? ሞተች ሲባል ግን ድንኳኑ ጠበበን።

አለቃ ገብረመድኅን ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። ብዙነሽ ከነጠላዋ ሥር እግራቸውን ታያለች፤ የዘመኑ ትዳር በዚያ እግር ላይ ነበረና። መቋሚያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ለጉና ሰዎች እኔው እነግራለሁ» አሉ። «ከሌላ ከሚሰሙ። እሺ ቢሉም እምቢ ቢሉም፣ የሌለ ሙት ተዝካር አናወጣም።» ድምፃቸው ግን ደከም ያለ ነበር። ቅድም ነፍስ ይማር ብለውላት ነበር አይደል።

ቤዛዊት በዚህ መካከል ወደ ድንኳኑ ገባች። ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ገሚሱ በፍቅር፣ ገሚሱ በፍርሃት፤ ልዋሽ አልችልም። ማሬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ማሬ» አለቻት፤ «ያንን የቆርቆሮውን ይድገሙልኝ።»

ማሬ እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ለደጃዝማች ልጅ ስታለቅስ እንኳ ያልተርበተበተች ሴት ወገቧ ላይ ያሰረችውን ነጠላ ፈታ መልሳ አሰረች። «ልጄ፣ እሱ እኮ... ላለ ሰው አይባልም።»

«ማንም ብሎኝ አያውቅማ።»

ማሬ አለችው። በጮኸ ድምፅ አይደለም፤ ለሕፃን እንደሚባል ዝግ አድርጋ። «ይጠየቅ ቆርቆሮው፣ ይጠየቅ ጣራው...» ቤዛዊት ጣራውን እያየች አዳመጠች። ሲያልቅ ራሷን ነቀነቀች።

«የኩሽናው ቀርቷል» አለች። «ለኩሽናው ልልክ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ብዙነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ያነሣችው። እየዳኸች መጥታ ልጇ ጎን ተቀመጠች። የወለል ጨርቁን ከልጇ እጅ ወሰደችና የራሷ ጭን ላይ ያዘችው፤ ቀሚሷ ረጠበ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አይባል፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አይባል። ከጎረቤት የመጣ ንፍሮ ነበር፤ እሱን ዘገንን። ቤዛዊትም ዘገነች። የራሷን ንፍሮ በላች ብሎ አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው።

አባተ ድንኳኑን ያፍርስ አያፍርስ ጨነቀው። በእድራችን ደንብ ሙት ሳይቀበር የሚፈርስ ድንኳን የለም፤ ሙት ሳይኖር የሚተከልም የለም። በመጨረሻ «ይቆይ» አለ። ብስኩቶቹ በማግስቱ ከወዲያ ሜዳ ላይ ድምፅ ማጉያቸውን ተክለው ዝግጅታቸውን አደረጉ። ሰው ሄደ፤ ካናቴራና ብስኩት ታደለ። አንድ ባለሙያ መጥቶ ስለ ጭንቀት አስተማረ፤ ደኅና ነገር ተናገረ። ግን የእኛ ሰፈር ሰዎች ቀና ብለን ልናየው አልቻልንም። «አያሳፍርም» ባለ ቁጥር እናፍር ነበር።

ሩት ካናቴራዋን ለውጣ፣ ያለ ካሜራ፣ ብዙነሽ ቤት መጣች። ልጅቱንና እናቲቱን በብስኩቱ ፋብሪካ መኪና ሆስፒታል አደረሰቻቸው። መድኃኒት ተጀመረላት፤ ጸበሉንም አልተወችም። ወለል ማጠቡ ቀንሷል እንጂ አልቀረም። የሚታጠብበት ጨርቅ አሁን ያ የታደለው ቢጫ ካናቴራ ነው፤ «ውኃ ይመጥጣል» ትላለች ብዙነሽ። የጉና ሰዎች እስካሁን መልስ አልላኩም።

እኔ አሁን ከአጥሩ ይህን ያህል አልርቅም። ጠዋት ጠዋት «ቤዛዬ፣ እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ። መጀመሪያ አትመልስም ነበር። ሰሞኑን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባልዲዋን ይዛ አጥሩ ሥር ቆማ አገኘኋት፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«እትዬ ውድነሽ፣ ዛሬ ማን ሞተ?»

ክው አልሁ። «ኧረ ማንም አልሞተ ልጄ!»

«እንግዲያስ ነጠላዎን ያስተካክሉ» አለችኝ። «ተዘቅዝቋል።»

አየሁት። እውነትም ተዘቅዝቋል፤ በጥድፊያ ለብሼው ነው። እዚያው ደጃፏ ላይ ቆሜ፣ ፊቴ እየነደደ፣ ጥለቱን ወደ ታች አዞርሁት። እሷም ጨርሼ እስካስተካክለው ቆማ ጠበቀችኝ።